የግራፊክስ ካርድ ታሪክ፤ ለኮምፒዩተር የሚሰጠው ርዳታና ወሰኑ

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር ሜዳ ታሪክ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ማረሻውም፣ የውሃ ወፍጮውም፣ የጽሕፈት መኪናውም የየራሱ ታሪክ አለው። የሰው ልጅ ኑሮ የተለወጠው በአዋጅና በጦር ብቻ ሳይሆን፣ ዝም ብለው በሚሠሩ በነዚህ ዕቃዎችም ጭምር ነው። ስለዚህ እኛ የዘንድሮ ተመራቂ ተማሪዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ በስፋቱ ከአንድ የደብተር ገጽ የማይበልጠውን፣ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ተሰክቶ የሚኖረውን የግራፊክስ ካርድ ታሪክ ለመጻፍ መረጥን።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዓመት የቀድሞ ተማሪዎች ለኮምፒዩተር ክፍላችን ማሻሻያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አበረከቱልን። እኛም ተማሪዎች ተሰብስበን፣ ገንዘቡ በሙሉ ለግራፊክስ ካርድ መግዣ እንዲውልልን በጽሑፍ አመለከትን። በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ማመልከቻችን በተነበበ ጊዜ ግን፣ ከአጠና ተራ የመጡ አንድ አባት ተነሥተው፦ «ልጆቼ፣ ይህ ካርድ የምትሉት ዕቃ ለጨዋታ የሚፈለግ አይደለምን? ገንዘቡ የተዋጣው ለትምህርት ነው ወይስ ለጨዋታ?» ብለው ጠየቁን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኛ ወገን መልስ ለመስጠት የተነሣው ልጅም ሁለት ቃል ተናግሮ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ መምህራችን፦ «የማታውቁትን ዕቃ አትለምኑ፤ ታሪኩን መርምራችሁ ጻፉ፣ ሥራውንም ፈትናችሁ እዩ፣ ከዚያ በኋላ እንሰማችኋለን» አሉን። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለኒያ አባት ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ስናነሣ የምንጠቅሰው ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

ካርዱ ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው?

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ዋናው አዛዥ ፕሮሰሰር ይባላል። ፕሮሰሰር የሚታዘዘውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚፈጽም፣ በጣም ፈጣንና ብልህ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን በቍጥር ጥቂት ነው፤ በተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት፣ አራት፣ ወይም ስምንት ቢሆን ነው። የግራፊክስ ካርድ ግን በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ትናንሽ ሠራተኞችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የያዘ ነው። እያንዳንዳቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር ሲነጻጸሩ ደካሞች ናቸው፤ ሁሉም ባንድነት ሲነሡ ግን ኀይላቸው ይበልጣል። የአገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ይህን ነው።

ነገሩን በገበሬ ሥራ ብንመስለው ይበልጥ ይገባል። ገብሱ ሲደርስ ገበሬው ደቦ ይጠራል፤ አርባ ሰው ማሳውን ተከፋፍሎ በአንድ ቀን ያጭደዋል። አንዱ አጫጅ የሌላውን መጨረስ አይጠብቅምና ሥራው ይፈጥናል። ወጥ ለመሥራት ግን ደቦ የሚጠራ የለም። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬው አይገባም፣ በርበሬውም ሳይበስል ሥጋው አይጨመርም፤ አርባ ሴቶች በአንድ ድስት ዙሪያ ቢቆሙ ወጡ ከወትሮው ፈጥኖ አይደርስም። ከኮምፒዩተር ሥራም እንዲሁ አጨዳ የሚመስል አለ፣ ወጥ የሚመስልም አለ። የግራፊክስ ካርድ ጥቅሙም ወሰኑም በዚህ ምሳሌ ውስጥ ይገኛል።

ሥዕልን በመስታወቱ ላይ ማሳየት ከሁሉ ይልቅ አጨዳን የሚመስል ሥራ ነው። ዛሬ የተለመደው የኮምፒዩተር መስታወት በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥቦች አሉት፤ ይህም ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። መስታወቱ በሰኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ በየሰኮንዱ 124,416,000 ነጥቦች ቀለማቸው ተለይቶ መቀባት አለባቸው ማለት ነው። የአንዱ ነጥብ ቀለም የሌላውን መጨረስ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። ስለዚህ ለደቦ የተመቸ ነው።

የታሪኩ መጀመሪያ

በኮምፒዩተር ሥዕል መሣል የተጀመረው ካርዱ ከመፈጠሩ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ፣ በብርሃን ብዕር በመስታወት ላይ መስመር እየሠመረ ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። ያ ኮምፒዩተር ግን ክፍል የሚሞላ ግዙፍ መኪና ስለ ነበረ ለተራ ሰው የሚደርስ አልነበረም።

በነሐሴ 1981 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ድርጅት ለቤትና ለቢሮ የሚሆነውን አነስተኛ ኮምፒዩተር ገበያ ላይ ባወጣ ጊዜ፣ ገዢው ከሁለት ካርዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት። አንደኛው ጽሕፈት ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ በአንድ ገጽ 25 መስመር፣ በአንድ መስመርም 80 ፊደል ይጽፍ ነበር። የፊደሎቹ ቅርጽ በፋብሪካ ተቀርጾ የገባ፣ በቍጥርም 256 ብቻ የሆነ፣ የማይለወጥ ነበር። ሁለተኛው ካርድ ሥዕል ማሳየት ይችላል፤ ነገር ግን በወርድ 320፣ በቁመት 200 ነጥብ ሲያሳይ ቀለሙ 4 ብቻ ነበር። ማስታወሻውም 16 ኪሎባይት ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ፊደል እናስብ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኀዞች፣ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ካርድ ላይ የላቲን ፊደል ሁሉ ቢፋቅ እንኳ የግዕዝ ፊደል ተሟልቶ አይገባም ነበር። በሁለተኛው ካርድ ላይ ደግሞ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ቦታ በወርድ 8፣ በቁመት 8 ነጥብ ነበር፤ በዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ «ጪ»ን ከ«ጫ» ለይቶ ማንበብ ዓይንን የሚያደክም ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ይማር የነበረ ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ የዶክትሬት ጽሑፉን በአገሩ ፊደል ለመጻፍ ቢፈልግ አንደኛው ካርድ ፊደሉን አያውቅም፣ ሌላው ደግሞ አጥርቶ አያሳይም። በዚህም ምክንያት በ1982 በወርድ 720፣ በቁመት 348 ነጥብ የሚያሳይ፣ ሄርኩለስ የተባለውን ካርድ ሠራ። ያም ካርድ በዓለም ገበያ እጅግ ተወደደ። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ልባችን ተነካ። ታዋቂ ከሆኑት የግራፊክስ ካርዶች አንዱ የተወለደው ከጨዋታ ፍላጎት ሳይሆን፣ አንድ ተማሪ በራሱ ፊደል ለመጻፍ ከነበረው ናፍቆት ነውና።

የግዕዝ ፊደልና መስታወቱ

ከኮምፒዩተር በፊት ኢንጂኔር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ድካም የታወቀ ነው። መኪናው ለፊደሉ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ ስለማይኖረው፣ ፊደሉን ከምልክቱ እየለያዩ መልሶ በማጋጠም መጻፍ ግድ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ያዩት የአማርኛ ደብዳቤ፣ ቅጥያው ከፊደሉ ጐን ወጣ ብሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በኮምፒዩተር ላይ ለማዋል ጥረት ጀመሩ። በአገር ውስጥም የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ባለሙያዎች «አጋፋሪ» የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። የካርዱም መሻሻል ለዚህ ሥራ መንገድ ጠራጊ ሆነ። በ1987 ቪ.ጂ.ኤ. የተባለው ካርድ ሲወጣ በወርድ 640፣ በቁመት 480 ነጥብ ያሳይ ነበር። ከዚህም በላይ የፊደል ቅርጽ በፋብሪካ ተቀርጾ የሚቀር መሆኑ ቀርቶ፣ ባለሙያው ራሱ ሠርቶ በካርዱ ማስታወሻ ውስጥ እስከ 512 ቅርጽ ድረስ የሚያስገባው ሆነ። ከዚያም በኋላ «ቪዥዋል ግዕዝ»ና «ፓወር ግዕዝ» የተባሉት በየቢሮውና በየማተሚያ ቤቱ ተዳረሱ። በ1999 ደግሞ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት ውስጥ በ3ኛው እትም ገባ። ይህ መጽሔት ዛሬ በአማርኛ የተዘጋጀው በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ቆሞ ነው።

ከጨዋታ ወደ ሳይንስ

እስከ 1990 ገደማ ድረስ ካርዱ የተሣለውን ይዞ ከማሳየት በቀር በራሱ ብዙ ሥራ አይሠራም ነበር። ነጥቡን አንድ ባንድ የሚቀባው ፕሮሰሰሩ ነው። በ1991 ኤስ-3 የተባለው ድርጅት ያወጣው ካርድ ግን «ይህን ሣጥን ከዚህ አንሥተህ ወደዚያ አዛውር» ተብሎ ሲታዘዝ በራሱ የሚፈጽም ሆነ። ፕሮሰሰሩም ከቀለም ቀቢነት ተገላግሎ ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ። እንግዲህ ካርዱ የኮምፒዩተርን ጠቅላላ ሥራ ማፋጠን የጀመረው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1996 ስሪ-ዲ-ኤፍ-ኤክስ የተባለው ድርጅት ቩዱ የተባለውን ካርድ አወጣ። ይህ ካርድ ጥልቀት ያለውን የጨዋታ ሥዕል ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ለተራው ሥዕል ሌላ ካርድ ከጐኑ ያስፈልገው ነበር። በ1993 የተቋቋመው ኤንቪዲያ ደግሞ በ1999 ጂፎርስ 256 የተባለውን አውጥቶ «ጂ.ፒ.ዩ.» የሚለውን ስም በዓለም አስታወቀ። እኒያ አባት በስብሰባው ላይ የተናገሩት እንግዲህ በታሪክ ፊት እውነት ሆኖ አገኘነው፤ ካርዱን ያሳደገው፣ ገንዘቡንም የከፈለለት፣ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነው።

ሆኖም ታሪኩ በዚያ አላበቃም። የሥዕል ነጥብ የሚያሰሉት ሺህ ሠራተኞች ሌላም ስሌት ሊሠሩ እንደሚችሉ ሊቃውንት አስተዋሉ። በ2006 ኤንቪዲያ ኩዳ የተባለውን ዘዴ አስታወቀ፤ ይህም ዘዴ ካርዱን ከሥዕል ውጭ ላለ ስሌት ማዘዝ የሚያስችል ነው። በ2012 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት አሌክስ ክሪዠቭስኪና ኢልያ ሱትስኬቨር ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ሆነው፣ 1.2 ሚሊዮን ያህል ፎቶግራፎችን በማሳየት ኮምፒዩተር ሥዕልን እንዲለይ አስተማሩ። የተጠቀሙትም በሁለት ጂ.ቲ.ኤክስ. 580 የጨዋታ ካርዶች ነበር፤ እያንዳንዱም 3 ጊጋባይት ማስታወሻ ነበረው። ትምህርቱ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ፈጀ። ኮምፒዩተሩም የተቀመጠው በክሪዠቭስኪ ወላጆች ቤት፣ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በውድድሩ የነሱ ስሕተት 15.3 ከመቶ ሲሆን፣ የሁለተኛው 26.2 ከመቶ ነበር። ዛሬ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተብሎ የሚነገርለት ጥበብ በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሂንተንም በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከጆን ሆፕፊልድ ጋር ተካፈሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የአዲስ አበባም ልጅ አለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ከባልደረቦቿ ጋር በ200 የአሜሪካ ከተሞች መንገድ ላይ የተነሡ 50 ሚሊዮን ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር አስመርምራ፣ በየሠፈሩ ከሚታዩት መኪኖች ዓይነት የነዋሪውን አኗኗር ለመገመት የሚያስችል ጥናት በ2017 አሳተመች። አንድ ዐዋቂ ሰው ለአንዱ ፎቶግራፍ 10 ሰኮንድ ቢወስድ፣ ሁሉን ለመጨረስ ከ15 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በሁለት ሳምንት ፈጸመው። ይህን የመሰለ ስሌት በተለይ በግራፊክስ ካርዶች ላይ የሚሠራ ነው።

ካርዱ ኮምፒዩተርን የሚረዳባቸው መንገዶች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የራሱ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር ሥዕል የማያሳይ አይደለም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተጣምሮ የተሠራ አነስተኛ የሥዕል ክፍል አለው። ታዲያ የተለየ ካርድ ሲጨመርለት የሚገኘው ርዳታ በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፣ ሥራ ይከፈላል። ካርዱ ሥዕሉን፣ ፊልሙን፣ የመስኮቶቹን እንቅስቃሴ ሲረከብ፣ ፕሮሰሰሩ የቀረውን ሥራ ያለ መቋረጥ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ጓዳ ይለያል። የተጣመረው የሥዕል ክፍል የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከኮምፒዩተሩ ራም ይበደራል። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ከዚያ የሚቀነሰው ጥቂትም ቢሆን ይታወቃል። ካርዱ ግን የራሱን ጓዳ ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ይሰፋል። እንደ ኛ ባሉ የቈዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ዲ.ዲ.አር. 3 የተባለው 1600 ራም በአንድ መሥመር ሲሠራ በሰኮንድ 12.8 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ይህንንም ፕሮሰሰሩና የሥዕሉ ክፍል ይሻሙበታል። በ2016 የወጣው፣ እንደ ርካሽ የሚቈጠረው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ካርድ ግን ከራሱ ማስታወሻ ጋር በሰኮንድ 112 ጊጋባይት ያመላልሳል። ከኮልፌ ወደ መርካቶ በጠባብ መንገድ መሄድን ከሰፊ ጐዳና ጋር የሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አራተኛ፣ ሙቀት ይከፋፈላል። የተጣመሩት ሁለቱ በአንድ ቦታ ሲሠሩ ባንድነት ይግላሉ፤ ሙቀቱም ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካርዱ የራሱ ማራገቢያ አለው።

ወሰኑ

ነገር ግን ካርዱ ሁሉን የሚፈውስ መድኀኒት አይደለም። በ1967 ጂን አምዳል የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ያስገነዘቡት ሕግ አለ፤ ይኸውም፦ ከአንድ ሥራ ውስጥ የምታፋጥነው ክፍል ጥቂት ከሆነ፣ ያን ክፍል የፈለግኸውን ያህል ብታፋጥነው ጠቅላላው ሥራ ብዙ አይፈጥንም የሚል ነው። ለምሳሌ 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ይኑር። ከዚህ 80ው ደቂቃ የሥዕል ሥራ ቢሆንና ካርዱ በ10 እጥፍ ቢያፋጥነው፣ 80ው ወደ 8 ይወርዳል፤ ከቀረው 20 ጋር 28 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። የሥዕሉ ሥራ 10 ደቂቃ ብቻ ቢሆን ግን፣ ያው ካርድ 10ሩን ወደ 1 ያወርዳል፤ ከ90 ጋር 91 ደቂቃ ይሆናል። ለ9 ደቂቃ ብሎ ውድ ካርድ መግዛት ጥበብ አይደለም።

ደግሞም የተጣመረው የሥዕል ክፍል ሁልጊዜ የተናቀ ነው ማለት አይቻልም። በ2020 አፕል ያወጣው ኤም 1፣ ፕሮሰሰሩና የሥዕሉ ክፍል በአንድ ሰፊ ማስታወሻ እየተጠቀሙ በደንብ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ስለዚህ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ካርድ አለው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሥራዬ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ነው።

የኛ ፈተና

መምህራችን ፈትናችሁ እዩ ባሉን መሠረት፣ አንድ የቀድሞ ተማሪ የራሱን ካርድ ለሁለት ሳምንት አዋሰን። በመጀመሪያው ቀን ካርዱን በደስታ ሰክተን ኮምፒዩተሩን አስነሣን፤ ፊልሙን ስንጀምር ግን ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎን ወደ ደጅ ወጣን፤ የሠፈሩ መብራት ግን አለ። ደግመን ሞከርን፣ ደግሞ ጠፋ። ካርዱ ተበላሸ ብለን ልባችን ደነገጠ፤ የሰው ዕቃ ነውና። በኋላ መምህራችን ሲመረምሩት፣ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ አርጅቶ ጭነቱን አለመቻሉ ነበር። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ከ75 ዋት በላይ እንደማይሰጥ፣ ከዚያ የሚበልጥ ካርድም የራሱ ሽቦ ከፓወር ሰፕላዩ እንደሚያስፈልገው ያን ቀን ተማርን። ማመልከቻችንን ስንጽፍ ይህን አንድም ልጅ አላሰበውም ነበር። ካርዶቹ ተገዝተው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ በቀረ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ ከተለወጠ በኋላ፣ ካርድ ያለውንና የሌለውን ሁለት አንድ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ጐን ለጐን አስቀምጠን ሠራንባቸው። የበዓሉን ፊልም አጣጥሞ ለማውጣት ካርድ የሌለው ከቀትር እስከ ማታ ሲፈጅ፣ ካርድ ያለው ሻይ ጠጥተን ሳንመለስ ጨርሶ ጠበቀን። ከዚህም በላይ፣ ካርድ ያለው ፊልሙን እየሠራ ሳለ በዚያው ላይ ጽሑፍ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ሌላው ግን አይጡን እንኳ ለማንቀሳቀስ ያስቸግር ነበር። ለዚህ መጽሔት ፎቶግራፎችን ስናስተካክልም ልዩነቱ በግልጽ ታየ።

የተማሪዎችን የውጤት ሰንጠረዥ ስንከፍት ግን በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት አላየንም። ደብዳቤ መጻፍም እንዲሁ። ጠዋት ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስም ሁለቱም ያው ያስጠብቁን ነበር፤ የዚህ ምክንያት አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነውና። ኢንተርኔቱም ካርድ ስለ ተጨመረ አልፈጠነም። ሃርድ ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ. የለወጥንለት ሌላ ኮምፒዩተር ግን፣ ካርድ ሳይኖረው፣ በማስነሣቱ ሁለቱንም ቀደመ።

መልሳችን

በሁለተኛው ስብሰባ ያገኘነውን ሁሉ ሳንደብቅ አነበብን። ሐሳባችንንም ለወጥን፤ ይኸውም ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ካርድ ከሚበቃው ፓወር ሰፕላይ ጋር ይገዛ፣ የቀረው ገንዘብ ለሌሎቹ ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን የሚል ነበር። እኒያ አባትም ተነሥተው፦ «መጀመሪያ የለመናችሁትን አሁን ራሳችሁ ተቃወማችሁት፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የተቃወምኩትን አሁን እደግፋለሁ፤ አንዱ ካርድ ይገዛ» ባሉ ጊዜ እንደገና ሳቅ ሆነ። ይህኛው ሳቅ ግን እንደ ፊተኛው አላሳፈረንም። ስብሰባውም በዚህ ተስማማ።

አንዱ ካርድ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ለፊልምና ለፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተር ቋንቋን የሚማረው በነዚህ ካርዶች ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገሩ አገሮች ካርዶቹን በሺህ እየሰበሰቡ ቋንቋቸውን ያስተምሩታል። የኛ ቋንቋዎች በኮምፒዩተር ላይ ያላቸው ጽሑፍ ገና ጥቂት ነው፤ ካርዱም ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም፣ አማርኛንና ትግርኛን ለመተርጐም የተነሣው «ልሳን»ም በዚሁ መስክ የሚደክሙ ናቸው። ትናንት ፊደላችን በ256 ቅርጽ ውስጥ ቦታ አጥቶ ነበር፤ ቦታ ያገኘው የራሳቸው ጉዳይ አድርገው የያዙት ሰዎች ስለ ደከሙለት ነው። ነገም ቋንቋችን በአዲሱ ጥበብ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በዚያው መንገድ ነው። በኮልፌ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ካርድ ከዚያ ታላቅ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይሁን እንጂ የቶሮንቶዎቹም ተማሪዎች የጀመሩት በመኝታ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ካርድ መሆኑን አንርሳ።

እናንተ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ካርዱን ለናንተ ትተን እንሄዳለን። ብትጫወቱበት አንቀየምም፤ ታሪኩ ራሱ ከጨዋታ ነውና። ነገር ግን ከጨዋታው በኋላ ጥቂት ሰዓት አትርፋችሁ ሥራ ስጡት። አቧራውን በየወሩ ጥረጉለት፤ መብራት ሊሄድ በሚያሰጋበት ቀንም ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ዕቃ መለመን የፈለጋችሁ ጊዜም፣ አስቀድማችሁ ታሪኩን ጻፉ፣ ሥራውንም ፈትኑ፤ ወላጆቻችንም ሆኑ መምህራኖቻችን የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው። ለኛ ለተመራቂዎቹ ይህን ያስተማረን ካርዱ ሳይሆን፣ በስብሰባ መካከል ቆመው የጠየቁን እኒያ አባት ናቸውና ምስጋናችንን በዚህ እናቀርባለን።